መርከቧ የሄደችበት ክረምት

እጄን ያነሣሁት ጋቢዬን ላስተካክል ነበር። ይህን ላገኘሁት ሰው ሁሉ ተናግሬአለሁ፤ ያመነኝ ግን እስከ ዛሬ የለም። እናንተም ባታምኑኝ አልቀየማችሁም፤ ብቻ እስክጨርስ ታገሡኝ።

ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው። ጎንደር ከተማ ውስጥ የትንንሽ ልጆች አስተማሪ ነበርኩ። ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ አስተማሪው ሁሉ ወደየአገሩ ይበተናል። እኔም ወገራ ወላጆቼ ዘንድ እሄድና ክረምቱን በወተትና በእንቅልፍ አሳልፌ፣ መስከረም ሲጠባ ጉንጬ ሞልቶ እመለሳለሁ። በዚያ ዓመትም ስንቄ ተቋጥሮ፣ ከአንድ የጭነት ማኪና ላይ ጥግ ተለምኖልኝ፣ ሰኞ ልነሣ እሑድን ላስቀድስ ወደ ደብራችን ሄድኩ። ባልሄድ ይሻለኝ ነበር። ወይም መሄዴ ደግ ሆነ። ይህን ያህል ዘመን አልፎም አልቆረጠልኝም።

ቅዳሴው እንዳለቀ የደብሩ አለቃ፣ አለቃ ወልደ ሩፋኤል፣ ሕዝቡን «እንዳትሄዱ» ብለው አስቆሙ። አለቃ ረዥም፣ ቀጭን፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ነበሩ። ሲስቁ አይቻለሁ የሚል ሰው ቢገኝ ማንም አያምነውም። ልክ እንደኔ ጋቢ ማለት ነው።

«ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ተዘጋ ብለው ወንዝ ለወንዝ ይውላሉ» አሉ። «ቀሃም ሞልቷል፤ አንገረብም ሞልቷል። በቀደም አንዱን ውሃ ወስዶት በስንት መከራ በሸማ ጎትተው አወጡት። እኔ ክረምቱን ሕፃናት ስቀብር መክረም አልሻም። ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት ልጆቹ ጧት ጧት በዚህ ቅጥር ግቢ ይዋሉ። ፊደል፣ ጸሎት፣ መዝሙር የሚያስተምር ፈቃደኛ ማን አለ?»

ሰዉ ሁሉ ድንገት የእግሩን ጣት መመርመር ጀመረ። በዚህ መሃል ከሴቶቹ በኩል አንዲት እጅ ተነሣች። የመሪጌታ ልጅ አስካለ ናት። አስካለ በከተማው ስምንተኛ ክፍል ከጨረሱት ጥቂት ሴቶች አንዷ ነበረች። ከዚያ በፊት የማውቃት ከሩቅ ነው፤ ከሩቅ ግን በደንብ አድርጌ ነው የማውቃት። ላያት ዞር ስል ጋቢዬ ከትከሻዬ ወረደ። ጋቢዬን ልመልስ እጄን አነሣሁ።

«ተባረክ አስተማሪው!» አሉ አለቃ።

ሕዝቡ «አሜን!» አለ። አሜን ከተባለ በኋላ ጋቢዬ ወርዶ ነው ብሎ መከራከር አይቻልም። ስንቄ ተፈታ። ወገራ ቀረ።

በማግሥቱ ግቢው በልጅ ተሞላ። ሴቶቹን አስካለ ወሰደች፤ ወንዶቹን እኔ። እሷ ሴቶቹን በደጀ ሰላሙ ጥግ አስቀምጣ፣ እንቆቅልሽ እያስጠየቀች፣ በመሃል ጸሎት እያስገባች፣ በመሃል እያስዘመረች ትውላለች። ሣቃቸው እኔ ጋ ይሰማል። እኔ ደግሞ ወንዶቹን እንደ ወታደር በሰልፍ አቁሜ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» አስጮሃቸዋለሁ፤ ሲጨርሱ ከ«ፐ» ወደ «ሀ» እመልሳቸዋለሁ። ይህን ጨዋታ ብዬ ነበር የማስበው።

ሳምንት ሳይሞላ ልጆቹ የሽንት በሽታ ያዛቸው። አንዱ «ጋሼ፣ ሽንቴ መጣ» ይላል፤ እፈቅዳለሁ። ቀጥሎ ሌላው፤ እፈቅዳለሁ። ሄዶ የሚመለስ ግን የለም። አንድ ቀን ጀርባዬን ሰጥቼ መሬት ላይ በእንጨት ፊደል ስጽፍ ቆይቼ ብዞር፣ የቀረኝ አንድ እንቅልፋም ልጅ ብቻ ነው። እሱም የቀረው ስላልነቃ ነው።

አስካለ መጣች። ያኔ እሷም እኔን፣ እኔም እሷን «አንቱ» ነበር የምንባባለው።

«ልጆችዎ የት ሄዱ?» አለች።

«ሽንት ቤት።»

«ሁሉም?»

«ተራ በተራ ነው የሄዱት» አልኩ፤ ይህ የሚያጽናና መስሎኝ።

አልሳቀችም። ነጠላዋን አጣፋች፤ ጫማዋንም አወለቀች። «ወንዝ ናቸው፤ ይነሡ እንሂድ» አለች።

ቀሃ እንደ ደፈረሰ ጠላ መስሎ ይጋልባል። ልጆቹ ልብሳቸውን ድንጋይ ላይ ከምረው፣ እርቃናቸውን ከጥልቁ ዳር ይንቦጫረቃሉ። «ውጡ! በአባታችሁ፣ ውጡ!» እያልኩ ከነሱሪዬ ገባሁ። እነሱ ጋቢ የለበሰ ጉማሬ የመጣባቸው ያህል በሣቅ እየተንከተከቱ ወደ ወዲያኛው ሸሹ። የግራ ጫማዬን ውሃው ወሰደው። አሁን ጣና ዳር ጎርጎራ ደርሶ ይሆናል።

አስካለ ግን ወደ ውሃው አልገባችም። ድንጋዩ ላይ የተከመረውን ልብስ ሁሉ ሰበሰበች፤ በነጠላዋ ጠቀለለችና ተሸክማ ዳገቱን ወጣች። ልጆቹ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ኡኡታቸውን አቀለጡት። በቅጠል የሚሸፈን በቅጠል ተሸፍኖ፣ በእጁ የሚሸፈን በእጁ፣ ተሰልፈው ተከተሏት። እኔም አንድ ጫማ ይዤ ከኋላ። የገበያ ቀን ነበር፤ ከማክሰኝት እህል ጭኖ የመጣው ሰው ሁሉ ቆሞ አየን። አንድ ሽማግሌ፣ «ምነው ልጄ፣ ወታደሮችህ ተዘረፉ?» አሉኝ።

ደጀ ሰላሙ ስንደርስ አስካለ ልብሱን አስቀመጠች፤ ራሷም እላዩ ላይ ተቀመጠችበት። «የውሃ ፍቅራችሁን አየሁት» አለቻቸው። «እንግዲያ ከውሃ የሚያድን ነገር እንሥራ። የኖኅን መርከብ። የምትገቡት እናንተ፣ የምትነዱትም እናንተ። እስከ ደብረ ታቦር በዓል ትደርሳለች። መርከበኛ የሚሆን ልብሱን ይውሰድ። ወንዝ የሚሄድ ግን እንዳለ ይሂድ።»

ሁሉም መርከበኛ ሆነ።

መርከቧ ከየት ትመጣለች እንዳትሉ፤ ነበረች። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከትልቁ ወይራ ዛፍ ሥር፣ ጣልያን ሲሸሽ ጥሎት የሄደ የጭነት ማኪና ነበር። ሞተሩን አንዱ ወስዶታል፤ ጎማዎቹን በረባሶ ጫማ ሠሪዎች ቆራርጠው የከተማው ሰው ተጫምቷቸዋል። የቀረው ቸርኬውና የጭነት ሳጥኑ ነው። ቁልቁለት ላይ ስለቆመ ከቸርኬው ሥር ድንጋይ ተወትፎበታል። ከታች በቅንጭብ የታጠረ የአለቃ ወልደ ሩፋኤል የጎመን መደብ አለ፤ አለቃ ጎመናቸውን ከዜማቸው እኩል ነው የሚወዱት። ልጆቹ ባሕር ዛፍ እያመጡ አጠሩት፤ ከአንድ የሳንጃ ሰሊጥ ነጋዴ ሸራ ለምነን ጣሪያ አለበስነው። መርከብ አልመሰለም። ልጆቹ ግን መርከብ ነው ካሉ እኔ ማን ነኝ?

ፈተናው የመጣው ከአለቃ ነው። ሰምተው መጡና በመቋሚያቸው የማኪናውን ጎን ኳ ኳ አደረጉት።

«ጨዋታ ነው ይሄ?»

«የኖኅ ታሪክ ነው አለቃ፤ ከመጽሐፍ ያልወጣ ነገር የለውም» አለች አስካለ።

«መልካም። ኖኅ ማን ነው?»

«አዱኛ ነው።» አዱኛ ያ በሸማ ተጎትቶ ከወንዝ የወጣው ልጅ ነው። ገና ጥርሱን እየነቀለ የነበረ፣ ግን ሲናገር ዳኛ የሚመስል ፍጡር። አስካለ የመረጠችው «ከሁላችን ውሃን የሚያውቀው እሱ ነው» ብላ ነው።

«ኖኅን ያዘዘውስ?» አሉ አለቃ ቀስ ብለው። «እሱን የሚሆነው ማን ነው?»

ይህን አላሰብንበትም። አስካለ ወደኔ አየች። አለቃም ወደኔ አዩ። እኔ ወደ ኋላዬ ባይ ማንም የለም።

አለቃ ነገሩን ለማሰላሰል ቀናት ወሰዱ። መጨረሻ ላይ ፍርዳቸውን ሰጡ፦ «አይታይ፤ ከዛፉ ቅጠል ውስጥ ድምፁ ብቻ ይሰማ። ቃሉም በግእዝ ይሁን። በተራ አማርኛ አላስደፍርም።»

እኔና ግእዝ ደግሞ እንደ ሩቅ ዘመድ ነን፤ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን እንጂ ቤት አንጠያየቅም። ስለዚህ ልጆቹ ከተበተኑ በኋላ አስካለ ታስጠናኝ ጀመር። አባቷ ሲያስተምሩ ከጓዳ ሆና ሰምታ የያዘችው ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ቅድመ በር ጥላ ሥር እንቆማለን፤ ዝናቡ ከፊታችን እንደ መጋረጃ ይወርዳል። እሷ ታነባለች፤ እኔ እደግማለሁ።

«አይደለም፣ ይህን ያጥብቁት።»

አጠብቃለሁ።

«አሁን ደግሞ ያላሉት።»

አላላለሁ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለአእምሮዬ አይደርስም። እኔ የማየው ሌላ ነው፤ የነጠላዋ ጥለት በዝናቡ ፍንጣቂ ረጥቦ ቀለሙ ሲጠቁር፣ ስትናገር እጇ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ። ዝናቡ ሲያባራ «በሉ ደህና ይዋሉ» ብላ ትሄዳለች። በዚያ ክረምት ያልጸለይኩት ጸሎት የለም፤ ዝናብ እንዲያባራ ግን አንድ ቀንም አልጸለይኩም። እስከ ዛሬ፣ ሐምሌ ገብቶ ሰማዩ ከወገራ በኩል ሲጠቁር፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሮጥ እኔ የቤተ ክርስቲያን ጥላ እፈልጋለሁ።

ደብረ ታቦር ደረሰ። ከቀትር በኋላ ሕዝቡ ከቁልቁለቱ ላይ ተቀመጠ። ልጆች ሙልሙል ዳቧቸውን በኮሮጆ አንግተው፣ ጅራፋቸውን እያጮሁ መጡ። እኔ ከዘይት ጣሳ የተሠራ መለከት ይዤ ወይራው ላይ ወጥቻለሁ። አያ ተገኘ የሚባሉት የደብሩ ዘበኛ በግና አህያ አውሰውናል። ፍየል አለ፣ ዶሮ አለ፣ ድመት አለ፣ ውሻ አለ። ሁለት ሁለት መሆን ነበረባቸው፤ ነገር ግን ሁለቱ ድመቶች ከጠዋት ተጣልተው አንዷ ስለጠፋች፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ጢም ተስሎላት ሁለተኛ ድመት ሆነች። አስካለ ከሴቶቹ ልጆች ጋር መርከቧ ውስጥ ናት።

ሕዝቡ ጸጥ ሲል መለከቱን አፌ ላይ አደረግሁ። በዚያ ሁሉ ዝናብ ያጠናሁት ግእዝ ብን ብሎ ጠፋ። ከታች የአለቃ ዓይን ይታየኛል። ባዶ መሆኔን ሳውቅ የቀረኝን ቃል አንጎደጎድኩ።

«ኖኅ! ኖኅ!»

አዱኛ ቀና ብሎ በታላቅ አክብሮት፣ «አቤት ጋሼ!» አለ።

ሕዝቡ በሣቅ ፈነዳ። አለቃ አልሳቁም። አዱኛ የሣቁትን በቁጣ ተመለከታቸውና፣ ትእዛዙን እኔ ባልናገረውም እሱ ስለሚያውቀው፣ «መርከብ ሥራ ብሎኛል! ሠርቻለሁም! እንስሳት ግቡ!» ብሎ አወጀ። ያን ቀን ያዳነን እሱ ነው።

በጉ ገባ። ፍየሎቹ ገቡ። አህያዋ መወጣጫው እንጨት ላይ የፊት እግሮቿን አድርጋ አሰበችና አልገባም አለች። አያ ተገኘ ከኋላ ሆነው «በይ እንጂ እሜቴ፣ ሸጋ ቤት ነው» እያሉ በትከሻቸው ገፍተው አስገቧት። በዚህ ጊዜ ኃጢአተኞች የሆኑት ልጆች መርከቧን እየዞሩ መሣለቅ ነበረባቸው። መሣለቂያ ብለው የመረጡት ጅራፍ ሆነ። ጧ! ጧ! ሲል አህያዋ ውስጥ ሆና መራገጥ ጀመረች፤ ዶሮዎቹ በሸራው ቀዳዳ ወጡ፤ ውሻው ድመቷን አያት። እውነተኛዋም ድመት፣ ጢም የተሳለላትም ጮኹ።

ያኔ ነው ሰማዩ የተቀደደው። የክረምት ዝናብ ታውቃላችሁ፤ ይህ ግን ሌላ ነበር። መሬቱ ወዲያው ጅረት ሆነ። እናቶች ልጆቻቸውን አንጠልጥለው ወደ ሸራው ሮጡ። አዱኛ ሁለት እጁን ዘርግቶ በሩን ዘጋ።

«አይቻልም! ሲነገራችሁ ስቃችኋል!»

«አንተ ልጅ፣ እናትህ እኮ ነኝ!» አለች እናቱ፣ ሻሿ በውሃ ተጣብቆ።

«የኖኅ እናት መጽሐፍ ላይ የለችም!»

እናቱ በብብቱ ሥር ሾልካ ገባች፤ ሌሎቹም እሷን ተከትለው ሾለኩ። መጨረሻ ላይ አለቃ ወልደ ሩፋኤል መጡ። ጃንጥላቸውን ነፋሱ ገልብጦታል፤ ጥምጥማቸው ውሃ ጠጥቶ ወደ አንድ ጎን ዘምሟል። አዱኛ ከላይ እስከ ታች አያቸው።

«ንስሐ ገብተዋል?» አላቸው።

እኔ ቅርንጫፌን አጥብቄ ያዝኩ። አለቃ ዝናቡ በአፍንጫቸው እየወረደ የዘመመ ጥምጥማቸውን አቃኑ።

«በቀደም ገብቻለሁ» አሉ በመጨረሻ።

«እንግዲያ ይግቡ።»

አለቃ እግራቸውን እንዳስገቡ አህያዋ ለመጨረሻ ጊዜ ተራገጠች። ጎርፉም ከቸርኬው ሥር ያሉትን ድንጋዮች አንሸራተታቸው። ማኪናው አቃሰተ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ጣልያን ጥሎት ከሄደ ጀምሮ ያልተንቀሳቀሰው ያ ብረት መሄድ ጀመረ።

ዛፉ ላይ ሆኜ የማየውን ማመን አቃተኝ። ከጎመኑ መደብ በታች ገደል አለ፤ ከገደሉ በታች ወንዙ። ልጆቻቸውን ከውሃ ጠብቅልን ያሉኝን እናቶች ሁሉ፣ ልጆቻቸውን ሁሉ፣ አስካለንም፣ አንድ ላይ ጭኜ ወደ ወንዝ እየላክኋቸው ነው። ያኔ የተሰማኝን ፍርሃት ከዚያ በኋላ በሕይወቴ አላየሁትም። ከሸራው ሥር የአስካለ ራስ ብቅ አለ።

«አንተ!» ብላ ጮኸች። «አንተ፣ ምን ትሠራለህ፣ አንድ ነገር በል እንጂ!»

አንተ አለችኝ። እንዲያ ባለ ሰዓት ይህ ይሰማል? ተሰማኝ። መለከቱን አነሣሁ፤ ሳንባዬ የያዘውን አየር ሁሉ አወጣሁት።

«ቁም! ቁም! ቁ—ም!»

መርከቧ ቅንጭቡን ጥሳ፣ የአለቃን ጎመን እየጨፈለቀች ወረደችና ከመደቡ ጫፍ ካለው የድንጋይ ካብ ጋር ተጋጨች። ካቡ ተንገዳገደ። ጭቃው ቸርኬውን ዋጠው። ቆመች።

ዝናቡ ብቻ ይሰማል። ከዚያ የአዱኛ ድምፅ መጣ፦ «ጋሼ አቆማት!» ልጆቹ ሁሉ ተቀበሉት። «ጋሼ አቆማት! ጋሼ አቆማት!» ከነሱ ድምፅ ሥር ደግሞ ሌላ፣ የዛገ በር ሲከፈት የሚመስል እንግዳ ድምፅ ሰማሁ። አለቃ ወልደ ሩፋኤል ናቸው። በጉን አቅፈው፣ የዶሮ ላባ በጢማቸው ላይ ሆኖ፣ ይስቃሉ። እኔ ይህን ለማየት ስንጠራራ ከዛፉ ወደቅሁ።

በጭቃ ተለውሼ ስደርስ አለቃ ዓይናቸውን እያበሱ፣ «አስተማሪው፣ ‘ቁም’ ግእዝም ነው» አሉኝ። «ከክረምቱ ሁሉ በትክክል ያወጣሃት ቃል እሷ ናት።»

ማንም አልተጎዳም። አስካለ ከመርከቧ ወርዳ መጣች። በነጠላዋ ጫፍ ከግንባሬ ላይ ጭቃውን ጠረገችልኝ። «አመመህ?» አለችኝ። ክንዴ አብጧል፤ ጎኔ ተልጧል። «የለም» አልኩ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ወንዙ ዳር ልጅ ጠፋ። ሁሉም ከእኛ ጋር ይውላል፤ መርከቧ ከጎመኑ መሃል አልነቃነቅ ስላለች ትምህርቱም እዚያው ሆነ። አለቃም ጧት ጧት እየመጡ ከዳር ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ወደኔ ጠጋ ብለው፣ «ሰው ከዛፍ ላይ ሆኖ ከሚጮህ መሬት ወርዶ ቢያገባ አይሻለውም?» አሉኝ። ጆሮዬ ጋለ። «እኔ ሽማግሌ እሆንሃለሁ። መሪጌታ ለኔ እምቢ አይሉም። እሑድ እሄዳለሁ።»

ያን ሳምንት ምድር ላይ አልረገጥኩም። ቅዳሜ ልጆቹ ሲበተኑ አስካለ ቀረች። ስለሽማግሌው እንደሰማች ከፊቷ አወቅሁ።

«አዲስ አበባ ለመምህርነት የሚያስተምሩበት ቤት አለ» አለችኝ። «ተቀብለውኛል። አባባ ገና እያመነታ ነው። ነገ አለቃ ከመጡ እሺ ይላል። አባባ ለአለቃ እምቢ ማለት አይችልም፤ እኔም ለአባባ።»

«እኔስ?» አልኩ።

«አንተ ትችላለህ» አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ባትወደኝ አልጠይቅህም ነበር።»

ወደ አለቃ ቤት ሄድኩ። ካባቸው ታጥቦ አጥር ላይ ተሰጥቷል፤ በቅሎ ተውሰዋል። ነገሩን ስነግራቸው፣ «ልብህ ፈቅዷል?» አሉ።

«አልፈቀደም። ግን ትሂድ።»

«እንግዲያ እኔም አልቀርም» አሉ።

እሑድ ሄዱ። መሪጌታ ወሬው ደርሷቸው ኖሮ፣ እንደ ወጉ «ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?» ብለው ጠየቋቸው። አለቃ ቆመው፣ «ልጅዎን ፈልገን» አሉ። «ለማን?» ሲሏቸው፣ «ለአገሩ ልጆች ሁሉ። ተምራ እንድታስተምር ይፍቀዱልን» አሉ። መሪጌታ ግራ ገባቸው፤ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ የላቸውማ! ፈቀዱ። በጎንደር ምድር የሚወዳት ልጅ ትሄድለት ዘንድ ሽማግሌ የላከ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

በመስከረም መጀመሪያ፣ ሰሊጥ የጫነ ማኪና ላይ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ ሄደች። ልጆቹ በሙሉ ሊሸኟት ወጡ። ሣጥኗን እኔ አወጣሁላት። ማኪናው ሊነሣ ሲል አንገቷን በመስኮት አውጥታ አየችኝ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሌሊቱን ሁሉ አሳምሬ የሠራሁት።

«ቦርሳሽን ደህና አድርገሽ ያዢ» አልኳት።

«እሺ» አለች። «ልጆቹን አደራ።»

ልጆቹ እስከ አዘዞ መንገድ ድረስ እየሮጡ ተከተሉ። እኔ ባለሁበት ቀረሁ። ቦርሳ! ከዓለም ቃል ሁሉ ቦርሳ! ለብዙ ወራት እየተኛሁ ስነሣ ይህ ቃል ነው ትራሴ ላይ የማገኘው።

ትምህርቷን ስትጨርስ ወደ ደቡብ አገር መደቧት፤ እዚያው አስተማረች፤ እዚያው አገባች። ወሬዋን የምሰማው ከአባቷ ነበር። መሪጌታ ከቅዳሴ ስንወጣ እኔ ሳልጠይቃቸው፣ ወደ ሌላ እያዩ፣ «ደህና ናት» ይሉኛል። እናቴ ከወገራ እየመጣች ስንት ልጃገረድ አሳየችኝ! አዱኛ እንኳ አድጎ፣ አግብቶ፣ ሊመክረኝ ሞከረ። እኔ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ወገራን ትቼ ልጆቹን እሰበስባለሁ። አለቃም መሪጌታም እያረጁ ሄዱ፤ በመጨረሻ አለቃ ዐረፉ፤ ብዙም ሳይቆይ መሪጌታ ተከተሏቸው።

የመሪጌታ ተዝካር በሐምሌ ዋለ፤ ከወንዶቹ በኩል ስለተቀመጥኩ ከሴቶቹ ማን እንደመጣ አላየሁም። በማግሥቱ ጧት እንደ ልማዴ ልጆቹን ሳስተምር ከግቢው በር ላይ ጥቁር የለበሰች ሴት ቆማ አየሁ። ፀጉሯ ከግንባሯ በላይ ሸብቷል። እጇን ስታነሣ አወቅኋት፤ ሳታነሣም አውቄአታለሁ።

«ማኪናው እኩለ ቀን ላይ ይነሣል» አለች። «ላያቸው ብዬ ነው።»

«እያቸው» አልኩ።

ነጠላዋን ሰበሰበችና ከሴቶቹ ልጆች መሃል መሬት ላይ ተቀመጠች። አንዲቱ ጠጋ አለችላት፤ ሌላዋ ሳትጠየቅ ጭኗ ላይ ተደገፈች። እኔ ትምህርቱን ጨርሼ ልጆቹን ላሰናብት ነበር። እነሱም ቁጢጥ ብለው ለመነሣት ተዘጋጅተዋል።

«ተቀመጡ» አልኩ። «አንድ መዝሙር ቀርቶናል።»

«ጋሼ፣ ጨርሰናል እኮ!»

«አልጨረስንም።»

ዘመርን። እሷም አብራ ዘመረች፤ ድምጿ ያው ነው፣ ትንሽ ወፈር ብሏል። ሲያልቅ ሌላ ጀመርኩ። ከዚያም ሌላ። ፀሐዩ ከደመናው ወጥቶ ወደ መሃል ሰማይ መውጣት ያዘ። ከገበያው በኩል የማኪና ጡሩምባ ተሰማ፤ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ።

«ጋሼ፣ ራበን!» አሉ ልጆቹ።

ወደ እሷ አየሁ። አልተነሣችም። የሕፃኗን ፀጉር እየዳበሰች፣ ቀጣዩን ትጠብቃለች። ጡሩምባው ጮኸ።

እኔም አንድ ጨመርኩ።